ስለ ተራራው የሚናገር ሰው

ኢንጅባራ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ላሊበላን አየህ?» አላየሁም። መገንጠያው ጋሸና ላይ ነበር። አውቶቡሳችን ቆሞ እኔ ትኩስ ሻይ ፍለጋ ስሯሯጥ፣ ላሊበላ የሚሄዱት ወርደው ሄዱ፤ እኔ ወደ ወልድያ ቀጠልኩ። ያየሁት አንድ ተራራ ነው። ቁመቱ ከከተማችን ጀርባ ካሉት ኮረብቶች አይበልጥም። ፎቶውን ባሳያችሁ «ይሄ ነው?» ትሉኛላችሁ። ግን ይህ ተራራ የእድር አባል ነው። በስብሰባ ላይ መቀመጫ አለው፣ መዋጮ ይከፍላል፣ ሲበደል ይከሳል። ስለዚህ ከመነሻው ላውጋችሁ።

ማክሰኞ

የጋበዘኝ ኑሩ ይባላል፤ ከመርሳ በላይ ባለች የሐብሩ ቀበሌ መምህር ነው። የተዋወቅነው ግጥም በምንለዋወጥበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነው እንጂ በአካል ተያይተን አናውቅም ነበር። የትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ በዓል እንዳለው ጻፈልኝ። «መሪ ቃሉ ‹ምድራችን የጋራችን› ነው። ግጥም ይዘህ ና። ማደሪያህ አባቴ ቤት ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። እናቴ «ወንበርህ ላይ ቁንጫ አለ እንዴ?» ትለኛለች። የስልክ ጥገና ሱቄን ለእህቴ አስረክቤ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ያገኘሁትን ሹፌር ሁሉ ጠይቄ ተነሳሁ።

ኢንጅባራ እንደ ልማዷ በኅዳርም ጉም ለብሳ ነበር። ከከተማው እንደወጣን ግራና ቀኙ ዲከረንስ የሚባለው የከሰል ዛፍ ነው። ከዛፉ ሥር የከሰል ጆንያ ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። እኛ ዛፍ የምንተክለው ለመቁረጥ ነው። ተክለን፣ ቆርጠን፣ አክስለን፣ መልሰን እንተክላለን። በዚያ ከሰል ብዙ ሣር ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፣ ብዙ ልጅ ተምሯል። አልነቅፈውም፤ እኔም የተማርኩበት ነው። ኋላ ላይ ያየሁትን ከምን ጋር እያወዳደርኩ እንዳየሁት እንድታውቁልኝ ብቻ ነው የማነሳው።

ባሕር ዳር ከመናኸሪያው አጠገብ አልጋ ያዝኩ። አጎበሩ ቀዳዳ ነበረው። ትንኞቹ ገብተው መውጫው ጠፍቷቸው ከእኔ ጋር አደሩ።

ረቡዕ

ጋይንት ላይ ጎማችን ተነፈሰ። ሁላችንም ወርደን መንገድ ዳር ስንቆም፣ ገብስ ያጭዱ የነበሩ አንድ አባት ሥራቸውን ትተው መጡና የምሳቸውን ቆሎ ለአውቶቡሱ ሰው ሁሉ በእፍኝ በእፍኝ ያድሉ ጀመር። ለእሳቸው ምን ሊተርፍ ነው ብለን ስናቅማማ «ቆሎ ነው፤ ሲበሉት ያልቃል፣ ሲይዙት ይነቅዛል» አሉን። እኛ ጋ መኪና ሲበላሽ ልጆች ይከቡታል እንጂ ምሳ ይዞ የሚመጣ ገበሬ አላየሁም።

የጋሸና ብርድ ከኢንጅባራው ይለያል። የእኛ ብርድ እርጥብ ነው፤ ልብስ ውስጥ ሾልኮ ይገባል። የጋሸናው ደረቅ ነው፤ ፊት ለፊት በጥፊ ይመታል። ሹራቤን እስከ አንገቴ ሳብኩ። ከዚያ የድልብ ቁልቁለት መጣ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጆሮዬ ድው አለ፣ አየሩ ለብ አለ፣ ከጎኔ የተቀመጡት የወልድያ ነጋዴ «አውልቅ፣ አውልቅ! ወልድያ ሹራብ አታውቅም!» እያሉ ይስቁብኝ ጀመር። አወለቅኩ። አውልቄም አውቶቡሱ ላይ ረሳሁት።

ወልድያ ስደርስ ያየሁት አልጋ ቤት ሁሉ ሞልቷል። በመጨረሻ የደረስኩበት ቤት ባለቤት፣ ወፈር ያሉ ሴት፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ዩኒቨርሲቲ የሄደውን የልጃቸውን ክፍል ከፈቱልኝ። ግድግዳው ላይ የልጁ የፊዚክስ ቀመሮች ተለጥፈዋል፤ ከነሱ ሥር ተኛሁ። ስለ ሹራቤ ስነግራቸው «አብሽር!» አሉኝ። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይዞህ ሲል አብሽር ይላል። «አብሽር ልጄ፣ የሚበርድህ ስትመለስ ነው።»

ሐሙስ

ከወልድያ ወደ መርሳ የሚሄደው ሚኒባስ ሲሪንቃ ላይ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ከመንገዱ ዳር የምርምር ማሳው ይታያል፤ ማሽላው በመደብ በመደብ ተከፋፍሎ በየመደቡ ራስ ላይ ትንሽ ምልክት ተተክሎለታል። ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ «አያችሁ፣ እዚህ ማሽላው እንኳ መታወቂያ አለው። እኔ ግን ቀበሌ ተመላልሼ ይኸው እስከ ዛሬ አላወጣሁም» አሉ። መኪናው በሳቅ ተሞላ፤ ረዳቱ ሳይቀር ሂሳብ መሰብሰቡን ረሳ።

መርሳ ሞቃት ናት። መንገዱ ዳር ፓፓያና ብርቱካን ተቆልሏል፣ ባጃጅ ከግመል ጋር መንገድ ይጋፋል። እኛ አገር ፈረስ የሚታሰርበት ቦታ ላይ እዚህ ግመል ተንበርክኳል። ኑሩን ያወቅኩት እሱ ሲያውቀኝ ነው። ግጥሞቹ ረጃጅም ስለሆኑ ረጅም ሰው ጠብቄ ነበር፤ ትከሻዬ ላይ ነው የሚደርሰው። ጥንቅሽ ገዛልኝ። ጥንቅሽ አገዳው የሚጣፍጥ የማሽላ ዓይነት ነው፤ ልጣጩን በጥርስ ገሽልጦ ማኘክ ነው። ገሽልጠዋለሁ ብዬ ከንፈሬን ቆረጥኩ። ኑሩ «ነገ ግጥም የምታነበው በዚህ ከንፈር ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ በሞተር፣ ሞተሩ ሲደክም በእግር፣ ወደ ቀበሌዋ ወጣን።

የኑሩ አባት ጋሽ ይማም ቀጭን፣ ጺማቸው በሒና የቀላ ሰው ናቸው። እናቱ እትዬ ዘይነባ ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። «አገሩ ደህና? እናትህ ደህና? ከብቱ ደህና? ዝናቡስ ደህና?» ስለ ዝናብ ደህንነት ተጠይቄ አላውቅም። እኛ ጋ ዝናብ ሁልጊዜ ያለ ዘመድ ነው፤ መቼ በሄደልን ይባላል እንጂ ደህና ነው ወይ አይባልም። «ደህና ነው» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ዘመዳቸው የዳነላቸው ያህል።

ለእኔ አውራ ዶሮ ተዘጋጅቶ ነበር። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ዶሮው ከነነፍሱ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ጋሽ ሞላ ቤት ተላከ። እዚያ ታርዶ፣ በጋሽ ሞላ ባለቤት እጅ ተሠርቶ፣ ማምሻውን ጋሽ ሞላ ራሳቸው በድስቱ ይዘውት መጡ። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሰው ናቸው። ድስቱን ፊቴ አስቀመጡና «በል፤ ዶሮው የይማም፣ ቢላው የእኔ፣ ሆዱ ያንተ። ብላ» አሉኝ። የእኔ መሶብ ለብቻው ቀረበ፤ እነሱ የሽሮ ወጣቸውን ከጎኔ ይዘው ተቀመጡ፤ ጋሽ ሞላም ከእኔ ቆረሱ። እጃችን ወደ ሁለት መሶብ ይሄዳል እንጂ ወጋችን አንድ ነበር።

ወጉ ብዙ ሳይቆይ ወደ ጭቅጭቅ ዞረ። ጭቅጭቁም ስለ ተራራው ነው።

እኛ እድር የምንለውን ወሎዎች ቅሬ ይሉታል። በዚህ ቀበሌ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቅሬው አንድ ነው። ከዓመታት በፊት ከቤታቸው በላይ ያለው ተራራ ተራቁቶ ሳለ፣ በአንድ ክረምት ጎርፍ ከነድንጋዩ ወርዶ ማሳውን አለበሰው። ምንጩም ደረቀ። ያኔ የቅሬው ዳኛ «ተራራው እኛን መቅበር ጀምሯል፤ አባል እናድርገውና ይብቃን» አሉ። እንደ ቀልድ የተጀመረ ነገር ሕግ ሆነ። ተራራው ተከለለ፤ ከብት አይገባበትም። ሣሩ በዓመት አንድ ጊዜ በማጭድ ታጭዶ ለየቤቱ ይከፋፈላል። ከሣሩ የተወሰነው ግን የተራራው መዋጮ ነው። አባል ሲሞት ይህ ሣር ለሐዘንተኛው ከብቶች ይወሰዳል፤ ቤተሰቡ ለቅሶ ተቀምጦ በሬው እንዳይራብ። ተራራው ደግሞ ከተጎዳ ለቀብር እንደሚወጣ ሁሉ አባል ሁሉ ይወጣል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ምንጩ ተመለሰ፤ አሁን በቧንቧ ወርዶ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው ቦኖ ይቀዳል። ተራራው አፍ ስለሌለው በስብሰባ ላይ ስለ እሱ የሚናገር ሰው ተመድቦለታል። ሰውየው ጋሽ ይማም ናቸው።

ጋሽ ሞላ ደግሞ ይከፈት ባይ ናቸው።

«ሣሩ ቆሞ ይደርቃል፣ በሬዬ ቆሞ ይርበዋል» አሉ። «ለአንድ ወር፣ ለአንድ ወር ብቻ ከብቱን እናስገባው። ማጨዱንስ ተውኩት፤ ተሸክሞ ማውረዱ ነው። አንተ ወንዶች ልጆች አሉህ። እኔ ያለኝ ይሄ ወገቤ ነው።»

«አንድ ወር ኮቴ ከረገጠው ምንጩ ይመለሳል ወይ?» አሉ ጋሽ ይማም።

«አምና የእኔ ጥጃ ገብታ ምንጩ ደረቀ?»

«አንዲት ጥጃ ናት።»

«ለአንዲት ጥጃ ነው እንግዲህ የዓመት ሣሬን የነጠቃችሁኝ!»

እትዬ ዘይነባ «እንግዳ ፊት!» ብለው ተቆጧቸው። ሁለቱም ወደኔ ዞረው ብላ ብላ አሉኝ። ኑሩ በጆሮዬ፣ ቅዳሜ ቅሬው ተሰብስቦ ተራራው ይከፈት አይከፈት እንደሚወስን፣ ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ስለቆመ ይከፈት የሚለው ወገን እንደበዛ ነገረኝ። አባቱ እንቅልፍ ያጡት በዚህ ነው።

ዓርብ

በዓሉ ጠዋት ነበር። ልጆቹ ችግኝ ጣቢያቸውን አስጎበኙኝ፣ መዝሙር ዘመሩ፣ ከዚያ እኔ ተነሳሁ። ከግጥሜ ሁለቱ ስንኞች እነዚህ ናቸው፦

ምድር አንድ ጎጆ፣ ሰማይ ክዳኗ፣
ባንድ ጥግ ቢያፈስ፣ ለሁሉም ሐዘኗ።

ተጨበጨበልኝ። ጥያቄ ያለው ሲባል ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ታዲያ ክዳኗን ማን ይጠግናል?»

«ሁላችንም» አልኳት።

«ሁላችንም ማን ማን?»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እሷ በቅሬ አገር ያደገች ልጅ ናት። ለቅሶ ድንኳን ማን እንደሚተክል፣ ውሃ ማን እንደሚቀዳ በስም ታውቃለች፤ «ሁላችንም» የሚባል ሰው አታውቅም።

ከቀትር በኋላ ኑሩና ጋሽ ይማም ጁምዓ ሄዱ። «አረፍ በል» ተብዬ ነበር። ያው ቁንጫዬ አላስቀመጠኝም፤ ምንጩን ልይ ብዬ ብቻዬን ወጣሁ። መንገዱ ማሽላው በታጨደ የጋሽ ይማም ማሳ ውስጥ ያልፋል፤ ሁለቱ በሬዎቻቸው የቀረውን አገዳ ይግጣሉ። ከማሳው ጫፍ የተራራው በር አለ። በሩ ትልቅ የግራር ቅርንጫፍ ነው፤ ጎትቶ መክፈት፣ ጎትቶ መዝጋት ነው። ገባሁ። ሣሩ ወገቤ ድረስ ነበር፣ ወርቅማ ሆኖ ደርቋል። ምንጩ በሁለት ድንጋይ መሐል ቀስ ብሎ ይወጣል፤ በእኛ አገር ከየጎዳናው ከሚፈሰው ውሃ አንጻር የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነው የሚመስለው። አጠገቡ ተቀምጬ ድምፁን ስሰማ ግን ለምን እንደሚሳሱለት ገባኝ።

ስወጣ በሩን ዘግቻለሁ። የዘጋሁት እኛ እንደምንዘጋው ነው። እኛ ጋ በር የሚዘጋው ከብት ከበረት እንዳይወጣ ስለሆነ እሾሁ ወደ ውስጥ፣ ጉቶው ወደ ውጭ ይደረጋል። እዚህ ከብቱ ያለው ውጭ ነው። ጉቶውን በሬ በቀንዱ ቢገፋው የሚወጋው ነገር የለም።

ከዓስር ሶላት በኋላ እትዬ ዘይነባ ከቦኖው ጀሪካን ተሸክመው መጡ። አስቀመጡና ክዳኑን ከፈቱት። ውሃው ቡና መስሏል። ጋሽ ይማም ጀሪካኑን አዩና ወደ ተራራው ሮጡ። እኛም ተከተልናቸው። ሁለቱ በሬዎች ምንጩ አፍ ላይ ቆመዋል፤ ረግረጉ ተቦክቷል፣ ከላይ ያለው የድንጋይ እርከን ተንዷል፣ ከሥሩ የነበሩት የወይራ ችግኞች ተረግጠዋል። መንደሩ ሁሉ የደፈረሰ ውሃ ስለቀዳ፣ ማን ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሳይኖር ሁሉም ተራራው ሥር ተሰብስቧል።

«በሩን እኔ ነኝ የዘጋሁት» አልኩ። «እሾሁን ወደ ውስጥ አድርጌ።»

ጋሽ ይማም ፊቴን አላዩም። «እንግዳዬ ነው፤ በሬዎቹም የእኔ ናቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ለሕዝቡ። ከሕዝቡ መሐል ጋሽ ሞላ ነበሩ።

ቅዳሜ

ስብሰባው የቅሬው ድንኳንና ድስት ከሚቀመጥበት ቤት ፊት ለፊት ነበር። ወንዶች በአግዳሚ፣ ሴቶች በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። ከዳኛው ጎን ያለው አግዳሚ ጫፍ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም፤ የተራራው ቦታ ነው። ሁልጊዜ ጋሽ ይማም የሚቀመጡበት እሱ ላይ ነበር። የዚያን ቀን ግን ሄደው ከተከሳሽ ቦታ፣ ከእኔ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ዳኛው ሐጂ ሰይድ በዱዓ ከፈቱ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ አሜን አለ። ነገሩ ሲነገር የሰው ፊት ሁሉ ወደኔ ለስላሳ ነበር። ይህን የምለው ፈርቼ ስለነበር ነው፤ እኛ ጋ ቢሆን ቢያንስ አንድ ሰው ይጮህብኝ ነበር።

«እንግዳ ነው፤ በሩን ከየት ያውቀዋል» አሉ አንድ ሽማግሌ። «አውፍ እንበል።» አውፍ ይቅርታ ነው።

«የሰው አገር ልጅ ነው። ተከፍቶ ቢሄድ ስማችን ምን ይባላል?» አሉ አንዲት እናት።

«ይማምም ቢሆን ስንት ዓመት ለተራራው የደከመ ሰው ነው። አውፍ!»

አውፍ፣ አውፍ የሚል ድምፅ ከየአግዳሚው ተነሳ። ኑሩ ተነፈሰ። እኔም ላመሰግን ስነሳ ጋሽ ይማም ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ፤ እሳቸው ተነሡ።

«አውፍ አትበሉኝ» አሉ።

ከአግዳሚው አንድ ሽማግሌ ተነሡ።

«ኧረ በአላህ፣ ይማም…»

«ወላሂ አትበሉኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አውፍ ካልን፣ እንግዳ የሌለበት ቤት የታለ? ነገ ሁሉም በሬውን ከእንግዳው ጋር ይልካል። ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ተራራው ፍረዱ።»

ሐጂ ሰይድ ባዶውን ቦታ አዩ። «ስለ ተራራው የሚናገር ግን የለም። አንተ ተከሳሽ ነህ።» ትንሽ አሰቡና «ሞላ፣ ና ተቀመጥ» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ሞላ ዙሪያቸውን አዩ። «እኔ? እኔ እኮ ይከፈት ባይ ነኝ!»

«እናውቃለን። ተራራውን የሚወድ ቢናገር ለይማም ያደላል። አንተ ለሁለቱም አታደላም። ና።»

ጋሽ ሞላ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሄዱና ቀስ ብለው በአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ፤ እንደሚሰበር ዕቃ። መጀመሪያ የጠሩት እኔን ነው።

«አንተ ጎጃሜ።»

«አዊ ነኝ ጋሼ።»

«እሺ፣ አዊ። እናንተ ጋ ተራራ በምን ይጠበቃል?»

«አይጠበቅም ጋሼ። ዝናቡ ይበቃዋል።»

«የታደለ!» አሉ ጋሽ ሞላ። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ «እንደ ሞላ ብትጠይቁኝ እኔም አውፍ እላለሁ። ከትናንት ወዲያ ዶሮውን ያረድኩለት እኔ ነኝ፤ ልጁ ልጄ ነው። ይማምም ወንድሜ ነው። እዚህ ስቀመጥ ግን… አምና ጥጃዬ ገባች። እንግዳ አላመጣኋትም፤ ጥጃ ነች፣ ገባች። አውፍ ያለኝ አልነበረም። የዓመት ሣሬን ወሰዳችሁ። ዓመቱን ሙሉ ስናደድ ከረምኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም ነበር። ዛሬ ይማምን አውፍ ካላችሁት፣ አምና የጠበቃችሁት ተራራውን አልነበረም፤ የቀጣችሁት ሞላን ነው ማለት ነው። ይህን እኔ ሳልሆን እሱ ነው የሚላችሁ» ብለው በአውራ ጣታቸው ከኋላቸው ያለውን ተራራ አሳዩ።

ከሴቶቹ ወገን አንዲት «እውነት ነው» አለች፤ ከዚያ ሌላዋ።

«እንግዲህ ይማም የዘንድሮ ድርሻውን ይጣ» አሉ ጋሽ ሞላ። «እንግዳው የተናደውን እርከን ይካብ። ይኸው ነው።»

ጋሽ ይማም ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። እኔ ግን የበሬዎቹን መኖ ማስላት ጀመርኩ። የማሽላው አገዳ ለሁለት በሬ እስከ ጥር ቢደርስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሣር የሌለው ሰው በሬውን ወይ ቆላ ላለ ዘመድ ይልካል፣ ወይ ይሸጣል።

ሐጂ ሰይድ ዋናውን አነሱ፤ ተራራው ለከብት ይከፈት ወይስ አይከፈት? ብዙ ዓይን ወደ ጋሽ ሞላ ሄደ፤ ከዚህ በፊት ክፈቱ የሚለውን ወገን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ።

«ከዚህ ወንበር ሆኜ ክፈቱኝ አልልም» አሉ።

«ተነሣና እንደ ሞላ ተናገር» አሏቸው ሐጂው።

ጋሽ ሞላ ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ባዶውን ቦታ አዩት። «ኤዲያ! ወገቤን አመመኝ፤ ዛሬ ይቅር» ብለው ሄደው ከሰው መሐል ተቀመጡ። ሳቁ እስኪበርድ ሐጂ ሰይድ ጠበቁና ለውሳኔ እጅ አስወጡ። እንደተከለለ እንዲቆይ ያሉት በለጡ።

ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ስሸከም ዋልኩ። ለተራራው መውጣት ግዴታ ስለሆነ ብቻዬን አልነበርኩም፤ መንደሩ ሁሉ ወጥቷል። ድንጋይ የማስቀምጥበትን መንገድ ያዩ ሁሉ እየመጡ ያፈርሱና መልሰው ያስቀምጡልኝ ነበር። እኛ ጋ መሬቱ ሣር ለብሶ ራሱን ይዟል፤ እርከን ክቤ አላውቅም። መዳፌ ተላጠ። እትዬ ዘይነባ ማታ ቅቤ ቀቡልኝና «ግጥም የምትጽፈው በዚህኛው ነው?» ብለው ቀኙን ደግመው ቀቡት።

እሑድ

ጋሽ ሞላ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወደ ቤታቸው ጠሩኝ። ስንበላ ስለ ስብሰባው አንድም ነገር አላነሱም፤ ስለ ከሰል ጠየቁኝ። ዛፍ ተክሎ ቆርጦ መልሶ መትከል እንደሚያኖር ስነግራቸው «ምንጭስ?» አሉ። አለን አልኳቸው። እየቀነሰ ነው ወይ ሲሉኝ አላውቅም አልኩ። እውነቴን ነው፤ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ከተመለስኩ ወዲህ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ምንጭ እየሄድኩ አያለሁ። እናቴ ግራ ገብቷታል።

ምሳ እንዳለቀ ጋሽ ሞላ ተነሥተው ወደ ጋሽ ይማም ግቢ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ከበሬዎቹ ፊት ቆመው ቀዩን በሬ መታ መታ አደረጉት።

«እኔ አንድ በሬ ነው ያለኝ» አሉ ለጋሽ ይማም። «ሣር ግን ዘንድሮ ሙሉ ድርሻ አለኝ፤ አንድ በሬ አይጨርሰውም። ቀዩን ወደኔ አምጣው። እኔ አበላዋለሁ፤ እርሻ ሲደርስ ከእኔው ጋር ጠምጄ አርስበታለሁ፤ ከዚያ ያንተን ታርስበታለህ።»

ጋሽ ይማም መሬት መሬት አዩ። «ከተራራው ልትደብቅልኝ ነው?»

«ምን ልደብቅ! ሣሩ ለእኔ ነው የደረሰኝ። ለበሬ ላብላው፣ ላቃጥለው፣ ምን አገባው?» ቀዩን በሬ በገመዱ ያዙ። «ደግሞ ለአንተ ብዬ አይደለም። ብቻውን የሚያርስ በሬ አይተህ ታውቃለህ?»

ሰኞ

የአጨዳው ቀን ነበር። እኔ ከሰዓት በኋላ የምሄድ ስለሆነ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። በሩ ተከፍቷል፤ እሾሁ ወደ ውጭ እንዲሆን ተደርጎ ከጎን ቆሟል። የየቤቱ ሰው ማጭድ ይዞ በመስመር ገብቷል፤ ሴቶች ሣሩን በነዶ በነዶ ያስራሉ፣ ከወዲያ ጥግ አንዱ ይጀምርና ከወዲህ ሌላው ይቀበላል፤ የወሎ ዜማ በማጭድ ሲታጀብ ያን ቀን ሰማሁ። ምንጩ ጠርቷል።

ጋሽ ይማም ድርሻ ስለሌላቸው አልገቡም። ከድንበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔም ከጎናቸው። በየመሐሉ የሚያልፈው ሰው ሁሉ «አብሽር ይማም» ይላቸዋል፤ እሳቸውም «አብሽሩ፣ በርቱ» ይላሉ። ከንፈራቸው ይህን ይበል እንጂ ዓይናቸው ከማጭዶቹ አይነሣም። አንድ ጊዜ ተቀምጠው፣ አንድ ጊዜ ቆመው፣ በመጨረሻ አልቻሉም።

«ሞላ! አንተ ሞላ! ከሥሩ አትቁረጠው! ከፍ አድርገህ እጨድ፤ መልሶ ይበቅል እንጂ!»

ጋሽ ሞላ ቀና አሉ፤ ላባቸውን ጠረጉ። «አንተ ሰውዬ፣ ዘንድሮ ድርሻ የለህም! ዝም በል!»

«ድርሻ የለኝም እንጂ ዓይን የለኝም አልኩ?»

ተራራው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ሞላ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንድ ነገር አጉረመረሙ፣ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ማጭዱን ከፍ አድርገው ያጭዱ ጀመር።